ሱረያ ሳትጠልቅ

ሰላማዊት ሐረር ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ ስታስተምር አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በየዓመቱ ጥር ላይ የከዋክብቱ ምዕራፍ ሲደርስ ያንኑ ሥዕል ሰሌዳው ላይ ትሥላለች፤ የኮርማው ቀንድ፣ ቀዩ የኮርማው ዓይን፣ ከትከሻው ላይ ደግሞ ተጠጋግተው የተቀመጡት ሰባቱ ከዋክብት። ከሥሩም ከዋክብቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄዱበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ትጨምራለች። እጇ ስለለመደው መጽሐፉን መግለጥ አያስፈልጋትም። ዘንድሮ ግን ሥላ ጨርሳ የጠመኔውን አቧራ ከእጇ ስታራግፍ መሐል ረድፍ የሚቀመጠው አቤል እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ እርስዎ ራስዎ አይተዋቸዋል?»

«ማንን?»

«ሰባቱን ከዋክብት። ሰማይ ላይ።»

«አዎ» አለች ሳታስበው።

«በየት በኩል ነው የሚታዩት?»

«በምሥራቅ በኩል።»

ደወል ተደወለና ገላገላት። እውነቱ ግን አላየቻቸውም። አይታቸው ቢሆን እንኳ አታውቃቸውም።

የዚያን ዕለት እንደመሸ ሸንኮር በሚገኘው ቤታቸው ግቢ ቆማ፣ መጽሐፉን በስልኳ መብራት እያየች፣ አንገቷ እስኪደነዝዝ ድረስ ሽቅብ አንጋጠጠች። ሰማዩ ላይ ያለው የኮከብ ብዛት መጽሐፉ ላይ የለም፤ መጽሐፉ ላይ ያለው መስመር ደግሞ ሰማዩ ላይ የለም።

«ምን ጠፍቶሽ ነው?» አሉ እናቷ ወይዘሮ በለጡ ከበረንዳው።

«ኮርማ።»

«ኮርማ ሰማይ ላይ?»

«ለልጆቹ አይቻለሁ ብዬ ዋሸኋቸው፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ነገ አላየሁም በያቸውና ይለቅልሽ።»

«መጀመሪያ አየዋለሁ። ከዚያ እነግራቸዋለሁ።»

ወይዘሮ በለጡ ልጃቸውን ስለሚያውቋት ነጠላ አምጥተው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላትና ገቡ። ሰላማዊት የጀመረችውን ሳትቋጭ መተው አይሆንላትም። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ምሽት እዚያው ግቢ ውስጥ ቆማ አሳለፈች። አላገኘችውም።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ፈተና ሰጠች። የሚባዛበት ወረቀት ስላልነበረ ሃያውን ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። ልጆቹ አቀርቅረው ሲጽፉ እሷ በወንበሮቹ መካከል ትመላለሳለች። መጨረሻው ረድፍ ላይ ለይላ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ወደ ቤተልሔም ወረቀት ዘንበል ስትል አየቻት። ለይላ ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ ዝምተኛ፣ ከክፍሉም ሰነፎቹ ጋር የምትቆጠር ልጅ ናት። ሰላማዊት አንዴ አስጠነቀቀቻት። ትንሽ ቆይታ ዞር ስትል ልጅቷ እንደገና አንገቷን አስግጋ የጎረቤቷን ወረቀት ታያለች። ሰላማዊት ወረቀቷን ቀማቻት፤ አናቱ ላይም በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ጻፈችበት።

«አልኮረጅኩም፣ ቲቸር» አለች ለይላ ቀስ ብላ።

«ታዲያ ቤተልሔም ወረቀት ላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ለይላ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ አቀረቀረች።

«ሰኞ ወላጅ ይዘሽ ትመጫለሽ።»

ሰኞ የመጡት አያቷ ወይዘሮ ሀያት ነበሩ። የለይላ እናት የሞተችው ልጅቷ ገና ጡት ሳትጥል ነው፤ አባቷ ጅግጅጋ ይሠራል። እሷን ያሳደጓት እኚህ ከጊደር መጋላ ገበያ ጀርባ፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ የወንዶች ኮፍያ በመርፌ እየጠለፉ የሚኖሩ ሴት ናቸው። ትንሽ፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ፣ ሻሻቸውን ጥብቅ አድርገው የሚያስሩ ሴት። ሰላማዊት ባዶው ክፍል ውስጥ አስቀምጣ የሆነውን ነገረቻቸው።

ወይዘሮ ሀያት እስኪያልቅ ሰሙ። «የሰው ነገር የምትወስድ ልጅ አላሳደግሁም» አሉ። «እጠይቃታለሁ። አጥፍታ ከሆነ ቅጣቷን ትቀበል።»

ከዚያ ለመሄድ ሲነሱ ዓይናቸው ሰሌዳው ላይ አረፈ። ጠዋት ለሌላኛው ክፍል የሣለችው ሥዕል አልጠፋም ነበር።

«ይሄን ማን ሣለው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ሱረያን ነው የሣልሽው?»

«ሰባቱ ከዋክብት ነው የምንላቸው።»

«እሷው ናት። ግን ልጄ፣ ገልብጠሽዋል።» ተጠግተው በጣታቸው ቀዩን ዓይን ነኩ። «ይሄ ደበራን ነው። በቀስትሽ ብንሄድ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆናለች። ወላሂ፣ ደበራን አንድ ቀን ቀድሟት አያውቅም! ሁልጊዜ ከኋላዋ ነው።»

ሰላማዊት ሥዕሉን አየችው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ገልብጣ አስተምራለች። ፊቷ ጋለ፤ ግን አላፈገፈገችም።

«እማማ፣ ሊያሳዩኝ ይችላሉ?»

«ዛሬ ከመግሪብ በኋላ ነይ። ጣራው ላይ እንወጣለን። ለይላም ታውቃታለች፤ ከሕፃንነቷ ጀምሬ ነው ያስተማርኳት።»

ሰላማዊት ሲመሽ ፈረስ መጋላ ከባጃጅ ወርዳ ቁልቁል በጠባቡ መንገድ ገባች። የዚያን ዕለት በሠፈሩ መብራት ጠፍቶ ሰው ሁሉ ይማረር ነበር፤ እሷ ግን በልቧ ደስ አላት። ለይላ በሩን ከፈተችላት። ዜሮ ከሰጠቻት መምህር ጋር ዓይን ለዓይን ላለመተያየት መሬት መሬቱን እያየች፣ ግቢውን አቋርጣ ወደ መሰላሉ መራቻት። ጣራው ዝርግ ነው፤ ወይዘሮ ሀያት ምንጣፍ አንጥፈው ተቀምጠዋል።

«ቀና በይ» አሉ። «ወደ ሰሜን ጥቂት ዘንበል አድርጊ። በቃ፤ እዚያ ጋ።»

ሰላማዊት ጣታቸውን ተከትላ አየች። አናቷ ላይ ማለት ይቻላል፣ ጠጋ ጠጋ ብለው የተሰበሰቡ ጥቃቅን ከዋክብት ነበሩ፤ ክንድ ዘርግተው ቢያዩ በአውራ ጣት ሥር የምትደበቅ ትንሽ ጉባኤ። ስንት ጊዜ አይታቸው ይሆን? ሁልጊዜም እዚያው ነበሩ። መጽሐፉ ላይ በትልቁ ስለተሣሉ ትልቅ ነገር ስትፈልግ ነው የሳተቻቸው። ቆጠረች፤ ስድስት ሆኑ። ትንፋሿን ይዛ ደግማ ስትቆጥር ሰባተኛዋ ከዳር ብቅ አለች።

«ቀዩስ?»

«ከኋላዋ፣ ወደ ምሥራቅ። ከእሱ ጋር የተደረደሩት ትንንሾቹ ግመሎቹ ናቸው።»

የኮርማው ዓይን ይኸው። ግመሎቹ ደግሞ መጽሐፉ የኮርማው ፊት የሚላቸው ናቸው። ሰላማዊት ከመገረሟ የተነሣ ሳቀች።

«ለይላ» አሉ አያቷ «ታሪካቸውን ለመምህርሽ ንገሪያት።»

ለይላ ክፍል ውስጥ ሰምታት በማታውቀው ጥርት ያለ ድምፅ ጀመረች። «ሱረያ ከሰማይ ልጃገረዶች ሁሉ የምታምር ነበረች። ደበራን የሚባል ድሃ ጎልማሳ ወደዳትና ጨረቃን አማላጅ ላከ። ሱረያ ግን፣ ምንም የሌለውን ሰው አግብቼ ምን ልሆን ነው? ብላ መለሰችው። ደበራን አልተቀየመም። ሄዶ ሠርቶ ግመሎች አፈራ፤ እነሱን ለጥሎሽ እየነዳ ይኸው እስከ ዛሬ ይከተላታል። እሷ ስትወጣ ይወጣል፣ እሷ ስትጠልቅ ይጠልቃል። አልደረሰባትም፤ ግን ደግሞ አልተመለሰም።»

«አሁን ቁጠሪላት።»

ለይላ ፊቷን ወደ ሰማይ አድርጋ ጣቷን ቀሰረች። «አንድ። ሁለት። ሦስት።» ሰላማዊት ጣቷን ተከትላ አየች። ጣቱ ያመለከተው ባዶ ቦታ ላይ ነበር። ልጅ ናት፣ ጨለማም ነው ብላ ዝም አለች። በዚያው ቅጽበት ከሐኪም ተራራ በኩል የመጣ ደመና ሰማዩን ሸፈነው፤ ሱረያም፣ ደበራንም፣ ግመሎቹም ጠፉ።

«አምስት። ስድስት። ሰባት» አለች ለይላ፤ ጣቷን አወረደች።

አያቷ ወደ እሷ ዞሩ።

«ለይላ» አሉ ወይዘሮ ሀያት «የቱን ነው የቆጠርሽው?»

«ሱረያን።»

«ደመና ሸፍኗታል እኮ።»

ልጅቷ ድርቅ ብላ ቆመች። ሰላማዊት ተጠግታ እጇን ያዘቻት። «ለይላ፣ ማንም አይቆጣሽም። ከዋክብትን አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አለች ለይላ። «ተረት ውስጥ ያሉ ይመስለኝ ነበር። እንደ ጂኒዎቹ። ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያውቃቸው። አያቴን ደስ እንዲላቸው ነው የምቆጥረው።»

«ሱብሐነላህ! ይቺ ልጅ እኮ መርፌዬን የምትሰካልኝ እሷ ናት!» አሉ ወይዘሮ ሀያት። «እኔ የማላየውን ክር እሷ ታስገባዋለች! ጥልፉን ከእኔ የበለጠ አድርጋ ትጠልፋለች! እንዴት ነው ዓይኗ የማያየው?»

«ቅርቡን ነው የምታየው፣ እማማ። ሩቁን አይደለም።» ሰላማዊት ይህንን በየዓመቱ ግንቦት ላይ ታስተምረዋለች፤ የሌንስ ምዕራፍ፣ የቅርብ ዕይታ፣ ሥዕሉም አለው። «ለይላ፣ ሰሌዳውስ ይታይሻል?»

«ነጭ ነገር እንዳለበት ይታየኛል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አራተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ጊዜ ተናግሬ ሰበብ ነው ተባልኩ። ከዚያ ደግሞ ጎበዝ ሰው ከሩቅ ያነባል፣ ሰነፍ አያነብም ብዬ ነበር የማስበው።»

«ዓርብ ዕለትስ? ከቤተልሔም ወረቀት ላይ ምን ነበር የምታዪው?»

«ጥያቄዎቹን። እሷ ጥያቄውንም ትጽፋለች፤ መልሱን በእጇ ትሸፍናለች።»

ወይዘሮ ሀያት ሻሻቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ። ለይላ አጠገባቸው ተንበረከከች። ሰላማዊት ግን አላለቀሰችም። ያላለቀሰችው አዝና ስላልነበረ አይደለም፤ በራሷ ተናዳ ስለነበር ነው።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቢሮ ገብታ ሁለቱን የፈተና ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋች። በፈተናው ዕለት እንኳን ልታወዳድራቸው አልተመለከተቻቸውም ነበር። ቤተልሔም ሃያውንም መልሳለች። ለይላ የመለሰችው አሥራ ሁለት ብቻ ነው፤ ማንበብ የቻለችውን ያህል። ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንዱ ትክክል ነው። ሰባተኛውን ጥያቄ ቤተልሔም ተሳስታለች፣ ለይላ አግኝታዋለች። አሥራ አምስተኛውንም እንደዚያው። ሰላማዊት ወረቀቶቹን ይዛ በቀጥታ ወደ ርእሰ መምህሩ ወደ አቶ ኪዳነወልድ ሄደች።

አቶ ኪዳነወልድ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አገላብጠው አዩ። «ይገባኛል» አሉ። «ግን ውጤቱ ተላልፏል። የመጀመሪያው መንፈቅ ሮስተር ተዘግቷል፤ ምክንያቱም ኩረጃ ተብሎ በፊርማሽ ተመዝግቧል። የሚከፈተው የመምህሩ ስህተት ነው ተብሎ ሲጻፍ ብቻ ነው።»

«እጽፋለሁ።»

«ፋይልሽ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሰላማዊት። የደረጃ ዕድገትሽ ደግሞ በዚህ ዓመት ነው።»

«ይቀመጥ። ስህተቱ የእኔ ነው።»

እዚያው ቆማ ጻፈችው። ከዚያ ክፍል ገባች፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን ሥዕል በሙሉ አጠፋች።

«አቤል» አለች «ባለፈው አይተዋቸዋል ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ አዎ አልኩህ። አላየሁም ነበር። ዋሸሁ። ትናንት አየኋቸው። በምሥራቅ በኩልም አይደሉም፤ በዚህ ወር ሲመሽ አናታችሁ ላይ ናቸው። ሥዕሉንም ገልብጬ ነበር የማስተምራችሁ።»

ልጆቹ አስተማሪ እንዲህ ስትል ሰምተው አያውቁም። ሥዕሉን እንደገና፣ በትክክል ሣለችው። ከዚያ ለይላን ከኋላ አስነሥታ መጀመሪያው ረድፍ ላይ አስቀመጠቻት፤ ይህም አልበቃም። ልጅቷ ቃላቱን ለይታ ማንበብ የቻለችው ከሰሌዳው ሁለት እርምጃ ላይ ስትቆም ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ሁሉ መመላለስ ነበር። ሐረር ሆስፒታል የዓይን ክፍል ያለችው ነርስ ልጅቷን አይታ መነጽር እንደሚያስፈልጋት ወዲያው ነገረቻቸው፤ መነጽር የሚለካው ባለሙያ ግን ለሥልጠና ሄዷል። ሰላማዊት እስኪመለስ ልጠብቅ አላለችም። የካቲት ላይ አንድ ረቡዕ አስፈቅዳ ለይላንና ወይዘሮ ሀያትን ይዛ በሚኒባስ ወደ ድሬዳዋ ወረደች። የዐቢይ ጾምና ረመዳን አንድ ላይ ገብተው ስለነበር በድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ ሦስቱም ጾመኛ ሆነው ተራ ጠበቁ። አንድ ልጅ ለስላሳ እየጠጣ ሲያልፍ ወይዘሮ ሀያት፦

«አንቺ እንኳ ውኃ ጠጪ» አሏት።

«ዘጠኝ ሰዓት ይሁን፣ እማማ።»

«ግትር ነሽ።»

«እርስዎስ?»

ሴትየዋ ሳቁ፤ ከዚያች የጣራ ምሽት ወዲህ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር።

የድሬዳዋው ባለሙያ ለይላን መሣሪያው ፊት አስቀምጦ ሌንሶቹን እያፈራረቀ ለካት። «ማይነስ ስድስት» አለ። «ይህን ያህል ጊዜ እንዴት ቆየች?» መነጽር ቤቱ ውስጥ የሚሠራው ዮሲ የሚባል ወጣት ያ ቁጥር እጁ ላይ እንደሌለና ከአዲስ አበባ እንደሚያስመጣው ነገራቸው። ሦስት ሳምንት።

ሲመለሱ፣ ሚኒባሱ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ፣ ወይዘሮ ሀያት በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። «ሱረያ በየምሽቱ ወደ ምዕራብ እየወረደች ነው። ሚያዝያ ሲያልቅ ከፀሐይ ጋር ትገባና አርባ ቀን ትሰወራለች። ከዚያ ደግሞ ክረምቱ ነው፤ ደመናው ነው።»

«ሳትሰወር አያታለሁ?» አለች ለይላ። የጠየቀችው አያቷን አልነበረም።

ሰላማዊት ስለ እነዚህ ከዋክብት አንድ ጊዜ ለልጆች ዋሽታለች፤ ሁለተኛ አትዋሽም። «ታያታለሽ» አለች በመጨረሻ፤ ካለች በኋላም የማድረግ ዕዳው የእሷ እንደሆነ አወቀች።

ሦስት ሳምንት ሆነ። መነጽሩ አልደረሰም። አራተኛው ሳምንት ላይ ዮሲ ስልኩን ሲያነሣ ድምፁ ጥሩ አልነበረም። «እቴ፣ አንደኛው ሌንስ ተሰብሮ ነው የደረሰው። እንደገና አዝዣለሁ።»

«መቼ ይደርሳል?»

«ሁለት፣ ሦስት ሳምንት።»

«ከሚያዝያ አጋማሽ ማለፍ የለበትም።»

«ፈተና አላት እንዴ?»

«አዎ፤ ሰኔ ላይ። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ቀጠሮ አላት።»

በየቀኑ ደወለችለት። ዮሲ መጀመሪያ ተሰላቸ፣ ቀጥሎ ተለማመደ፣ በመጨረሻም ሳትደውልለት ራሱ እየደወለ እሽጉ የት እንደደረሰ ይነግራት ጀመር። በዚህ መሐል ክፍል ውስጥ የምትጽፈውን ሁሉ ጮክ ብላ ማንበብ ልማድ አደረገች። ለይላም የሰማችውን አትረሳም፤ በየሳምንቱ ፈተና ከቤተልሔም እኩል፣ አንዳንዴም በልጣ ማምጣት ጀመረች። ዒድ አለፈ፤ ፋሲካም አለፈ። ሰላማዊት ሲመሽ ግቢዋ ቆማ ሱረያን ትፈልጋታለች፤ አሁን ለማግኘት መጽሐፍ አያስፈልጋትም። በየሳምንቱ ዝቅ ብላ ታገኛታለች።

ሚያዝያ አሥራ አራት ረቡዕ ዮሲ ደወለ። «ደረሰ! በመኪና ልላክልሽ?»

«አይሆንም። ፊቷ ላይ ልክ መሆኑን እዚያው አይተን ነው የምንወስደው። ዛሬ እንመጣለን።»

ከሰዓቱን አስፈቅዳ ለይላን ይዛ ወረደች። ዮሲ መነጽሩን በጨርቅ ጠርጎ ጆሮዋ ላይ አስተካከለላት። ለይላ ከቤቱ ወጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። ማዶ ያለውን ዛፍ አየች። ጠጋ አለችና አየችው፣ ራቀችና አየችው።

«ቅጠሉ አንድ በአንድ ነው እንዴ?» አለች።

ወደ ሐረር ሲመለሱ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ መንገድ ላይ ያገኘችውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብላ አነበበች፤ የመኪና ታርጋ፣ የሱቅ ስም፣ ግንብ ላይ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ፣ ከፊት የሚሄደው አይሱዙ ጀርባ ላይ የተለጠፈ ጥቅስ። ተሳፋሪው መጀመሪያ ሳቀ። ነገሩ ሲገባቸው ግን አንድ አዛውንት «እዚያ ማዶ ያለውንስ?» እያሉ ያስነብቧት ጀመር።

የዚያን ምሽት ሐረር ላይ ዝናብ ነበር። ሐሙስም እንደዚያው፤ ሰላማዊት ጣራው ላይ ጃንጥላ ይዛ አንድ ሰዓት ያህል ቆማ ወረደች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነጎድጓድ ነበረ፤ ወይዘሮ በለጡ «ዛሬስ ቅሪ» አሏት። አልቀረችም። መግሪብ ሲሰገድ ዝናቡ አባራ። ሦስቱም ወደ ጣራው ወጡ፤ ምንጣፉ እርጥብ ስለሆነ ቆሙ። ምዕራቡ አሁንም ደመና ነው። ቆዩ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ገደማ ሲሆን ደመናው ከሥሩ ተቀደደና አንድ ንጹሕ የሰማይ ቁራጭ ታየ።

ወይዘሮ ሀያት ሊያመለክቱ እጃቸውን አነሡ፤ ሰላማዊት ግን ክንዳቸውን ቀስ ብላ ያዘችው። «ራሷ ታግኛት።»

ለይላ መነጽሯን በሻሿ ጫፍ ወልውላ አደረገችው። ከግራ ወደ ቀኝ ሰማዩን ዳሰሰችው። መጀመሪያ ቀዩን ኮከብ አገኘች። ከዚያ ቁልቁል ወረደች።

«እዚያ ጋ ናት» አለች። እጇ የተቀሰረበት ቦታ ትክክል ነበር።

«ቁጠሪያታ!» አሉ ወይዘሮ ሀያት።

«አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት…» ቆመች። ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ገለጠች። «አምስት። ስድስተኛዋ ትመጣለች ትሄዳለች።»

«ሰባት ናቸው እኮ፣ ልጄ! ሰባት ነው የተባለው።»

«የተባለውንማ አውቃለሁ፣ አያቴ። አሁን የምነግርዎት ያየሁትን ነው።»

ወይዘሮ ሀያት ለመቆጣት አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ የልጅ ልጃቸውን አንገት አቅፈው «አልሐምዱሊላህ፤ አምስት ይሁኑ» አሉ። ደመናው እስኪመለስ ድረስ ሩብ ሰዓት ያህል ቆሙ። ለይላ ዓይኗን አልነቀለችም። ስትወርድ መሰላሉ ላይ ቆማ ወደ ሰላማዊት ዞረች።

«ቲቸር፣ እኔ ብቻ አይመስለኝም።»

«ምኑ?»

«ሩቁ የማይታየው። አራተኛ ክፍል አብራኝ ከኋላ ትቀመጥ የነበረች ልጅ ነበረች። አምስተኛ ላይ ትምህርት አቋረጠች። ሰነፍ ናት ይሏት ነበር።»

ያን ሌሊት ሰላማዊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ሰኞ ጠዋት ከዓይን ክፍሏ ነርስ ዘንድ የፊደል ሰንጠረዥ ተውሳ አቶ ኪዳነወልድ ቢሮ ገባች። «ከአንደኛ ክፍል እስከ ስምንተኛ አንድ በአንድ ማየት እፈልጋለሁ» አለች።

«ስምንት መቶ ልጅ?»

«በዕረፍት ሰዓት፣ በቀን ሃያ ሃያ። በዓመቱ መጨረሻ ያልቃል።»

አቶ ኪዳነወልድ ከወንበራቸው ተነሡ። «እኔም አግዝሻለሁ» አሉ። «ሰንጠረዡን ማን ይይዝልሻል?»

የያዘችው ለይላ ነበረች። ፊደሎቹን በዱላ እያሳየች፣ የሚያፍሩትን ትንንሾች «አይታየኝም ማለት ነውር አይደለም» እያለች። ሰኔ እስኪገባ ሃያ ሦስት ልጆች ተገኙ። ከመካከላቸው ስድስቱ ሰነፍ ተብለው ክፍል የደገሙ ነበሩ። ዮሲ የእነሱን መነጽር ሲሠራ ከመጀመሪያው የተሻለ ፈጠነ፤ በየቀኑ የሚደውልለት ማን እንደሆነ ያውቃልና። ከኋላ ተቀምጣ ትምህርት ያቋረጠችውንም ልጅ ለይላና ሰላማዊት ከከተማው ውጭ ድሬ ጠያራ ድረስ ሄደው ፈለጓት፤ ስሟ ሶፍያ ነው። አባቷ መጀመሪያ አልተቀበሏቸውም። ሁለተኛ ሄዱ። ሦስተኛው ጊዜ ላይ ሰውየው ልጃቸውን ይዘው ራሳቸው ወደ ከተማ መጡ።

ለይላ የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋን ስትፈተን ወይዘሮ ሀያት በሩ ላይ ተቀምጠው ዱዓ እያደረጉ ጠበቋት። ነሐሴ ላይ ውጤት ሲወጣ ከትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ሆና አለፈች፤ አንደኛዋ ቤተልሔም ነበረች። ሰላማዊት በፋይሏ ውስጥ በተቀመጠው ወረቀት ምክንያት የደረጃ ዕድገቷ ለአንድ ዓመት ተላለፈባት። እናቷ ሲያዝኑላት «ይሁን፣ እማዬ፤ በሚቀጥለው ዓመት እወስደዋለሁ» አለቻቸው።

መስከረም ላይ ለይላ ዘጠነኛ ክፍል ገባች። ሶፍያም መነጽር አድርጋ ካቋረጠችበት ከአምስተኛ ቀጠለች። ሰላማዊት ደግሞ አዲሶቹን ተማሪዎቿን ስትቀበል፣ ስማቸውን እንኳ ሳትጠራ፣ «ሰሌዳው ይታያችኋል?» ብላ መጠየቅ ከመጨረሻው ረድፍ ጀመረች።